የሥራ ተቋራጭ ፈቃድና የግንባታ ጥራት

በወላይታ ዞን በቦምቤ አካባቢ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ጨረታ ሲወጣ፣ በቅድሚያ የሚጠየቀው የተቋራጩ የደረጃ ምስክር ወረቀት ነው። አሠራሩ ተገቢ ነው። ሆኖም ወረቀቱ የሚመሰክረው በምዝገባው ጊዜ ስለታየው ባለሙያና መሣሪያ እንጂ፣ በሥራው ቦታ ሲሚንቶውን ስለሚያቦካው ሰው አይደለም። ፈቃዱን ለሌላ የሚያከራይ ተቋራጭ መኖሩም የተሰወረ አይደለም።

በ1977 ዓ.ም. በመተከልና በጋምቤላ የሰፋሪዎችን ጎጆ የሠሩት ተማሪዎችና መምህራን የተቋራጭነት ፈቃድ አልነበራቸውም። የጭቃ ቤት ግን ስሕተትን ይታገሣል፤ የበሰበሰውን ማገር ባለቤቱ ራሱ ይለውጠዋል። የኮንክሪት ምሰሶ እንዲህ አይደለም። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል። በድርቅ ወራት ውኃ ከሩቅ በጀሪካን እየተቀዳ የሚመጣ በመሆኑ፣ በመጀመሪያ የሚታለፈው ይኸው ተግባር ነው። ጉድለቱም በልስን ስለሚሸፈን በርክክብ ዕለት አይታይም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹም ግንባታን እንዲቆጣጠር ሥልጣን መስጠቱ ይህን ክፍተት ያየ ነበር። ሥልጣኑ የሚሠራው ግን ተቆጣጣሪው ኮንክሪት በሚሞላበት ዕለት ከቦታው ሲገኝ ነው፤ የትራንስፖርትና የውሎ አበል በጀት ካልተያዘለት አይገኝም።

ስለዚህ ዕርዳታ ሰጪው ድርጅት ውል ሲያዘጋጅ ኮንክሪቱን ውኃ ማጠጣት ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኖ በሥራ ዝርዝሩ እንዲገባ፣ የምሰሶው ክፍያም የ28 ቀን የናሙና ፍተሻ ውጤት እስኪቀርብ እንዲቆይ ቢያደርግ ይበጃል።