በውርጭ ወራት የኩሬ ዓሣን ከሞት መጠበቅ



በደጋና በወይና ደጋ ቀበሌዎች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውርጭም ይወርዳል። ዓሣ እንደ በግና እንደ ላም ሰውነቱን በራሱ አያሞቅም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቆሮሶ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን አበላሉ ይቀንሳል፤ 16 አካባቢ መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ካርፕ የበለጠ ብርድ ስለሚችል ውርጭ ለሚበዛበት ደጋ ይመረጣል።

ዓሣን የሚገድለው ግን ብርዱ ብቻ አይደለም። በብርድ ጊዜ እንደ ወትሮው የተሰጠ መኖ ሳይበላ ከኩሬው ሥር ይበሰብሳል፤ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ አሞኒያ የሚባል መርዝም ይፈጥራል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት፦ ውሃውን ጥልቅ አድርጉ፣ መኖውን ቀንሱ፣ ዓሣውን አትንኩ።

ሀ. ብርዱ ሳይገባ እስከ ጥቅምት መጨረሻ

1. ጥልቀት የሌለው ውሃ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። የሚያፈሰውን ግድብ ጠግናችሁ ውሃውን ቢያንስ 1 ሜትር፣ በጥልቁ በኩል 1.5 ሜትር አድርሱ።
2. ለገበያ የደረሱትን ዓሦች አውጥታችሁ ሽጡ። ቆሮሶ በብርድ አያድግም፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ለቀሩት ኦክስጅን ይበቃል።
3. ነፋስ በሚመጣበት በኩል የዝሆን ሣር ትከሉ። የጠዋት ፀሐይ የሚከልል ባሕር ዛፍ ግን በኩሬው አጠገብ አይኑር።

ለ. በብርዱ ወራት

የውሃውን ሙቀት ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለኩ፤ መዝግቡም። ለቆሮሶ መኖ የምትሰጡት በ9 ሰዓቱ ልኬት መሠረት ነው፦

• ከ20 ዲግሪ በላይ፦ የተለመደውን መጠን
• ከ18 እስከ 20፦ ግማሹን፣ በቀን አንድ ጊዜ
• ከ16 እስከ 18፦ በጣም ጥቂት፣ በሁለት ቀን አንዴ
• ከ16 በታች፦ ምንም አትስጡ

ለምሳሌ በኩሬያችሁ እያንዳንዳቸው በአማካይ 100 ግራም የሚመዝኑ 300 ቆሮሶዎች ቢኖሩ ጠቅላላ ክብደታቸው 30 ኪሎ ነው። የቀን መኖው 3 በመቶ ከሆነ 900 ግራም ይሆናል፤ ውሃው 19 ዲግሪ ሲሆን 450 ግራም ብቻ ስጡ። ፍግም ቀንሱ። እጃችሁን ውሃው ውስጥ ስታስገቡ እስከ ክርን ሳይደርስ መዳፋችሁ ከተሰወረባችሁ ፍግ መጨመር አቁሙ።

ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ የወንዝ ውሃ በማለዳ አታስገቡ፤ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በጥቂት በጥቂቱ ልቀቁ። መረብ አትጣሉ፣ ዓሣ ከኩሬ ወደ ኩሬ አታዛውሩ። በብርድ የተላጠ ቆዳ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ይበቅላል።

ሐ. የአደጋ ምልክት

ዓሦቹ በማለዳ ከውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ቢታዩ ርቧቸው አይደለም፤ ኦክስጅን አጥሯቸው ነው። መኖ አትጨምሩ። ውሃውን በባልዲ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ አየር ይገባዋል። የሞተውን በየዕለቱ አውጥታችሁ ቅበሩ፣ ቁጥሩንም ለልማት ሠራተኛው አሳውቁ።

የዓሣ ፈላጊ የሚበዛበት ዐቢይ ጾም ብርዱን ተከትሎ ይመጣል። ታኅሣሥን በሕይወት ያለፈ ዓሣ ውሃው ሲሞቅ መብላትና ማደግ ይጀምራል፤ የሞተውን ግን በአዲስ ጫጩት መተካትና ወራት መጠበቅ ግድ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በኩሬያችሁ ጥልቁ ቦታ ስንት ሜትር ነው? በእንጨት ለክታችሁ ለቡድናችሁ ተናገሩ።
2. ባለፈው ታኅሣሥ በቀን ስንት ግራም መኖ ትሰጡ ነበር? ዘንድሮ ስንት ትሰጣላችሁ? ለምን?