ሁለት ሉሆች፣ አንድ ምስል፦ የምስጠራ ሳይንስ በተማሪዎች የሥነ ጥበብ ሥራ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራና ወደ ጅቡቲ ያመራል። በዚህ ምድር የሚኖረው የአፋር ሕዝብ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አረፍ ይላሉ፤ ያዩትንና የሰሙትንም በተራ ይነጋገራሉ። አድማጩ የተነገረውን እንዲሁ አይቀበልም። ተናጋሪው ነገሩን በዓይኑ አይቶት እንደሆነ፣ ካላየውም ከማን እንደሰማው ይጠይቃል።

ዳጉ ምስጢር የመደበቂያ ዘዴ አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው፣ ስለ ምስጠራ ሳይንስ (ክሪፕቶግራፊ) ብዙ ያስተምረናል። በዚህ ጽሑፍ ተማሪዎች በሳንቲም፣ በወረቀትና በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ሊሠሩት የሚችሉትን የዲጂታል ሥነ ጥበብ ሥራ ደረጃ በደረጃ እናያለን።

ፊደልና ምስጢር በሥነ ጥበብ

ፊደልን ለሥዕል ማዋል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝን ፊደላት ቅርጽ የሥዕሎቹ ዋና መሠረት አድርጎ በዓለም ታውቋል። በአሜሪካ ደግሞ ቀራፂው ጂም ሳንቦርን እ.ኤ.አ. በ1990 ክሪፕቶስ የተባለውንና በምስጢር ጽሑፍ የተሞላውን የመዳብ ሐውልት በቨርጂኒያ አቁሟል። ሁለቱን ሐሳቦች ብናጣምር ምን ዓይነት ሥራ ይወጣል?

ከምስል ወደ ቁጥር

ለኮምፒዩተር ጥቁርና ነጭ ምስል ማለት የ0 እና የ1 ዝርዝር ነው፤ ነጩን ካሬ 0፣ ጥቁሩን 1 እንበለው። ብዙ ተማሪዎች ምስልን ለመሰወር መጀመሪያ የሚሞክሩት እያንዳንዱን ቀለም በሌላ ቀለም መተካት ነው። በዚህ ዘዴ ቀለሙ ይለወጣል እንጂ ቅርጹ አይጠፋም፤ «ዳ» የሚለው ፊደል በቀይ ቢጻፍም በሰማያዊ «ዳ» ነው።

የተሻለው ዘዴ በዘፈቀደ የተገኘ ቁልፍ መደመር ነው። የመደመሩ ሕግ ቀላል ነው፤ ሁለቱ አኃዞች ተመሳሳይ ከሆኑ ውጤቱ 0፣ ከተለያዩ 1 ነው። ለምሳሌ ያህል የምስላችን አንድ መስመር 00111100፣ ቁልፉ ደግሞ 10110010 ቢሆን ውጤቱ 10001110 ይሆናል። ይህንኑ ውጤት እንደገና ከቁልፉ ጋር ብንደምረው የመጀመሪያው መስመር ተመልሶ ይመጣል። አንባቢ በእርሳስ ያረጋግጥ።

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት ይህ ዘዴ ፈጽሞ ሊሰበር እንደማይችል አስረድቷል። ነገር ግን ቁልፉ ፍጹም ዘፈቀዳዊ፣ ርዝመቱም ቢያንስ የመልእክቱን ያህል፣ በምስጢር የተያዘና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት።

የመጨረሻው ግዴታ

በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ሁለት ምስሎችን በአንድ ቁልፍ ሰውሬ፣ ማንም አይፈታቸውም ብዬ ለባልንጀሮቼ አሳየሁ። ከመካከላቸው አንዱ ቁልፉን ሳይጠይቀኝ ሁለቱን የተሰወሩ ምስሎች እርስ በርስ ደመራቸው። ቁልፉ ከራሱ ጋር ሲደመር 0 ስለሚሆን ተሰረዘ፤ ሁለቱ ምስሎቼም ተደራርበው በስክሪኑ ላይ ወጡ።

ከላይ ያለውን ምሳሌ ብንቀጥል፣ ሁለተኛው ምስል 01100110 ቢሆን በዚያው ቁልፍ ሲሰወር 11010100 ይሆናል። የሁለቱ የተሰወሩ መስመሮች ድምር 01011010 ነው፤ የሁለቱ ግልጽ መስመሮች ድምርም እንዲሁ 01011010 ነው። ቁልፉ የለም! የእኔ ስሕተት ያስከተለው ኀፍረት ብቻ ነበር። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ሶቪየት ኅብረት አንዳንድ የቁልፍ ገጾችን ደግማ በማተሟ፣ አሜሪካውያን ቬኖና በተባለው ፕሮጀክት ብዙ መልእክቶቿን ሊያነቡ ችለዋል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1994 ሞኒ ናኦርና አዲ ሻሚር ምስጢሩን ያለ ኮምፒዩተር፣ በብርሃንና በዓይን ብቻ የሚፈታ ዘዴ አቀረቡ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. በ16 በ16 መረብ ላይ አንድ ፊደል ይሣል፤ በጠቅላላው 256 ካሬዎች ይሆናሉ።

2. ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲም ይጣል፤ 8 ተማሪዎች ቢካፈሉት ለአንዱ 32 ውርወራ ይደርሰዋል። ዘውድ ከወጣ በመጀመሪያው ሉህ ላይ የካሬው ግራ ግማሽ፣ ጎፈር ከወጣ ቀኝ ግማሹ ይጥቆር።

3. በሁለተኛው ሉህ ላይ፣ የምስሉ ካሬ ነጭ ከሆነ ያው ግማሽ፣ ጥቁር ከሆነ ተቃራኒው ግማሽ ይጥቆር።

4. ሁለቱም ሉሆች ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ይታተሙ።

ሉሆቹ ተስተካክለው ሲነባበሩ በጥቁሩ ካሬ ብርሃን ጨርሶ አያልፍም፤ በነጩ ካሬ ግማሹ ያልፋል። ስለዚህ ፊደሉ በግራጫ መደብ ላይ ጠቁሮ ይታያል። አንዱ ሉህ ለብቻው ግን የሳንቲም ውርወራ ብቻ ነው፤ ስለ ፊደሉ ምንም አይናገርም።

እንግዲህ አንዱ ሉህ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባለ ትምህርት ቤት፣ ሌላው በሰመራ ይሰቀል እንበል። ምስሉ በአንዱም ከተማ የለም። የሚወለደው ሁለቱን ይዘው የተነሡ መንገደኞች ሲገናኙ ነው።

ከማን ሰማኸው?

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። የአዋሹን ሉህ ያየ ተንኮለኛ የሰመራውን አስመስሎ ሊሠራ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። የመጀመሪያው ሉህ በእጁ ካለ፣ ሲነባበር የፈለገውን ፊደል የሚያወጣ ሐሰተኛ ሁለተኛ ሉህ ለማዘጋጀት 3ኛውን ደረጃ መከተል ብቻ ይበቃዋል። ዘዴው ምስጢርን ይጠብቃል እንጂ ለእውነተኛነት ዋስ አይሆንም።

ምስጢራዊነትና ታማኝነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የዘመናችን ሳይንስ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ዲጂታል ፊርማን የመሳሰሉ ሌሎች መሣሪያዎችን ይጠቀማል። የአፋር መንገደኛ በዳጉ የሚጠይቀውም ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ወሬው ከወዴት መጣ? በተማሪዎቹ ሥራ ላይም ሉሁን ማን እንዳተመ፣ ማን ለማን እንዳስረከበ የሚገልጽ መዝገብ ከምስሉ ጎን ቢቀመጥ ሥራው የተሟላ ይሆናል።

ለመልመጃ ያህል፦ በአንድ የመጀመሪያ ሉህ ሁለት የተለያዩ ፊደላትን የሚሰውሩ ሁለት ሁለተኛ ሉሆች ይሥሩ። ከዚያም የመጀመሪያውን ሉህ ወደ ጎን ትተው ሁለቱን ብቻ ያነባብሩ። ምን ይታያል? ለምን?