ሕፃናትን በቤት ውስጥ በኢንተርኔት ማስተማር ይበጃልን?



በስደት የምንኖር ወላጆች ስለ ልጆቻችን ስንመካከር ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሙሉ ትምህርቱን በቤት ሆኖ በኢንተርኔት እንዲከታተል ማድረግ ይገባልን? ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። አንዱ ልጁ በእኩዮቹ ስለሚሰደብና ስለሚገፋ፣ ሌላው ልጁ በክፍል ውስጥ የሚሰማው ነገር ስለሚያሳስበው፣ ሌላዋም በጾም ወራት የልጅዋን ምሳ መጠበቅ ስለማትችል ይህን መንገድ ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ያየነውንም ሁላችን እናስታውሳለን። ያ ግን በድንገት የተደረገ የችግር ጊዜ መላ ስለ ነበረ ለጥያቄያችን በቂ ምስክር አይሆንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። በአሜሪካ ወላጅ ራሱ መምህር ሆኖ፣ መጽሐፉንም ራሱ መርጦ ልጁን በቤቱ ማስተማር በ50ዎቹም ክፍላተ ሀገር በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ደንቡ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። በኢንተርኔት የሚሰጠው የመንግሥት ትምህርት ከዚህ የተለየ ነው። በብዙ ክፍላተ ሀገር ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ መምህራኑ ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ ልጁ በየዕለቱ መገኘቱ ይመዘገባል፤ የመንግሥቱንም ፈተና ይፈተናል። እንግዲህ «ነጻ ሆነን በራሳችን ሥርዓት እናስተምራለን» ብሎ የሚገባበት ወላጅ የሰዓት ሰሌዳው ከትምህርት ቤቱ ተከትሎት ወደ ቤት እንደ ገባ ያገኘዋል። በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የየአገራችሁን ሕግ ቀድማችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝ ወላጅ ልጁን በቤት ማስተማር ይችላል። በጀርመን ግን ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2019 በቀረቡለት ጉዳዮች የጀርመንን አቋም አልተቃወመም።

የነገሩ ሥር ያለው ግን ከሕጉ ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው? የ15 ዓመት ወጣት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ ቀጠሮውን አስታውሶ ብቻውን ሊማር ይችል ይሆናል። የ6 ዓመት ሕፃን ግን ገና ማንበብ ያልለመደ ስለ ሆነ በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ ራሱ አያነብም። እርሳስ አያያዙን የሚያርም፣ ፊደል ገልብጦ ሲጽፍ የሚያይ፣ ሲሰለች የሚያባብል ሰው በአጠገቡ ያስፈልገዋል። ይህን የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችም ነገሩን አይሸሽጉም፤ በታችኛ ክፍሎች አንድ አዋቂ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ከልጁ ጋር እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይላሉ። ልጆቹ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ደግሞ የእያንዳንዳቸው ትምህርት የተለያየ ነው።

ታዲያ የእኛ ኑሮ እንዴት ነው? አባት ሌሊት ታክሲ ነድቶ ጠዋት ይተኛል፤ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። በቤት የሚቀሩት ልጆቹን ለመርዳት ከአገር ቤት የመጡ አያት ናቸው። አያት ለልጅ ፍቅርን፣ ጨዋነትንና አማርኛን ይሰጣሉ፤ ይህንም ማንም አይተካላቸውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ መመሪያ እንዲያስረዱ መጠየቅ ግን በእርሳቸውም በሕፃኑም ላይ መፍረድ ነው።

ውጤቱንም መመልከት ይገባል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ክሬዶ የተባለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንተርኔት በሚያስተምሩ የአሜሪካ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት አውጥቶ ነበር። የ180 ቀን የትምህርት ዘመን ሲታሰብ፣ ልጆቹ በተራው ትምህርት ቤት ከሚማሩ መሰሎቻቸው በንባብ በ72 ቀን፣ በሒሳብ በ180 ቀን ያህል ወደ ኋላ መቅረታቸውን ገልጿል። ይህ የአማካይ ስሌት ነው፤ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም አንድ ዓመት ሙሉ የሒሳብ ትምህርት እንደ ማጣት የሚቆጠር ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ለእኛ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው፣ ተጀምሮ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ያማረሩት በፍጥነቱ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትምና። በአንጻሩ የኔታ ፊደል ሲያስቈጥሩ ልጁ አንዲቱን ፊደል እስኪለይ ድረስ አያልፉትም፤ እርሳቸው ባይደርሱለት ቀደም ያለው ተማሪ ይቀጽለዋል። (የአለንጋውን ነገር እዚህ ላይ እንተወው።) ሕፃን የሚማረው ፊቱን አይቶ «አልገባውም» ብሎ ከሚመለስለት ሰው ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚያስተምሩ መምህራን ልጁን በቀጥታ ማነጋገር መቻላቸው ከፕላዝማው ይሻላል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው በቀን ለስንት ሰዓት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ እንደ ጸሐፊው አስተያየት፣ ወላጆች ሁለቱም ከቤት ውጭ በሚውሉበት ቤት ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህ መንገድ አይስማማም። ከወላጆች አንዱ በቤት የሚውል፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ትዕግሥት ያለው ከሆነ፣ በተለይም ልጁ በሕመም ምክንያት ከቤት መውጣት የማይችል ከሆነ፣ መልካም ሊሆን ይችላል። ልጁ በቤት በዋለ ቁጥር አማርኛው ይጠነክራል የሚሉ አሉ፤ እውነት የሚሆነው ግን አማርኛ የሚያናግረው ሲኖር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጠው ኮምፒዩተር የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው።

ልጁ እየተሰደበ ከሆነ ከማስወጣት በፊት መምህሩንና ርእሰ መምህሩን ቀርቦ ማነጋገር፣ ቅሬታውንም በጽሑፍ መስጠት ይቀድማል። ቋንቋ ቢያስቸግር አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያቀርባሉ። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ወደ ኋላ የቀረ ልጅም ቢሆን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974፣ ላው በኒኮልስ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ትምህርት ቤቱ ሊረዳው እንደሚገባ ወስኗል። የምሳውን ነገር ከቤት በሚቋጠር ምግብ ማቅለል ይቻላል።

ከዚህ በኋላም ልመዝግብ የሚል ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ይህን ይጠይቅ፦ መምህሩ ልጁን በቀጥታ የሚያነጋግረው በሳምንት ስንት ጊዜ ነው? ፈተናውስ የት ይሰጣል? ልጁ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ለምሳሌ የንግግር ሕክምና፣ የሚሰጠው ማን ነው? በዓመቱ መካከል ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ለመመለስ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? የመጨረሻውን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ።