ገበታ ለአንድ ሰው አይጠብም

መስከረም ሲጠባ ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ መናኸሪያ ቆም ብላችሁ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ተመልከቱ። ፍራሹን ጠቅልሎ በገመድ ያሰረ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጎደሬና የበቆሎ ዱቄት የያዘ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ታያላችሁ። ከገጠር ቀበሌ ዘጠነኛ ክፍል ሊማር የመጣ ነው። ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸው ሲያልቅ ቅዳሜ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው እሑድ ማታ ተሸክመው ይመለሳሉ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሻንጣ የሚጎትቱት ይመጣሉ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ናቸው። ከአዲስ አበባ የተነሳው እንኳ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ ከጎንደርና ከሐረር የመጣው ስንት ቀን መንገድ ላይ እንዳደረ እሱ ያውቃል።

የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው። ሲመሽ «የት ቆየህ?» የሚላቸው፣ ሲያማቸው ግንባራቸውን የሚዳስስላቸው ሰው አጠገባቸው የለም። ያ ሰው እናንተ መሆን ትችላላችሁ፤ የዛሬው ጽሑፌም ለዚሁ ነው። ራሳችንን ለማሻሻል መጽሐፍ እናገላብጣለን፣ ሥልጠና እንገባለን፤ መልካም ነው። ትዕግሥትን፣ ማዳመጥንና የቤት ሥርዓትን በአንድ ዓመት ውስጥ አጥብቆ የሚያስተምር ምን አለ ብትሉኝ ግን፣ የሩቅ ልጅ ቤታችሁ አስገቡ እላችኋለሁ።

«ኑሮው እንዲህ ተወዶ? ክፍሉስ የት አለ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት እንይ። በዓለም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ልውውጥ ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ ኤኤፍኤስ ነው። ሥራውን የጀመሩት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ቁስለኛ በአምቡላንስ ሲያመላልሱ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጦርነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዓይናቸው ስላዩ፣ የአንዱ አገር ልጅ በሌላው አገር እናት እጅ ቢበላ ይሻላል ብለው እ.ኤ.አ. በ1947 ከ10 አገሮች 52 ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ ቤቶች አስገቡ። ዛሬም በአሜሪካ ደንብ መሠረት የውጭ አገር የልውውጥ ተማሪ የሚቀበል ቤተሰብ ክፍያ አይቀበልም። ተማሪው የራሱ አልጋ ይኑረው፣ በልቶ ይደር፣ የሚከታተለው ሰው ይኑር ይባላል እንጂ የብቻው ክፍል ይሰጠው አይባልም፤ ፆታው ከሚመሳሰል አንድ ልጅ ጋር መጋራት ይችላል። ሀብታም በምንለው አገር የተጠየቀው ይህ ከሆነ፣ ሚዛን ውስጥ ሁለት ክፍል ያለው አንድ መምህር ወይም አንድ ነጋዴ የሚጎድለው ነገር እምብዛም አይታየኝም።

በእኛም አገር ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠማሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ግቢያቸው አስቀምጠው፣ ደብተርና ልብስ እየገዙ አስተምረዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። አዲስ ገቢዎቹ የሥልጠና ወራታቸውን በኢትዮጵያውያን ቤት እየኖሩ፣ ከቤቱ ልጆች ቋንቋ እየተማሩ አሳለፉ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የጎንደር ነው። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነስቶ ወላጆች ልጆቻቸውን ርቀው እንዳይሄዱባቸው በፈሩበት ወቅት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የከተማው ነዋሪ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የተባለውን አሠራር ጀመሩ። ተማሪው ዶርሙ ውስጥ እንዳለ ከተማው ውስጥ እናትና አባት ያገኛል። በዓልን እነሱ ጋር ይውላል፣ ሲጨንቀው እነሱን ያማክራል፤ ወላጆቹም ልጃቸውን አደራ የሰጡትን ሰው በስልክ ያውቁታል። በስጋት ጊዜ በር የከፈተ ከተማ ካለ፣ በሰላም ጊዜ በር መክፈት የሚያቅተን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቡናው አገር፣ ወደ ሚዛንና ቴፒ ልመለስ። ቴፒ አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ከደጋ አገር የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን በየሳምንቱ መጨረሻ ይቀበላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ልጁን እንደ ባለሥልጣን ነበር የያዙት። ሶፋው ላይ ያስቀምጡታል፣ ለብቻው ያቀርቡለታል፣ የቤቱ ልጆች ራቅ ብለው ያዩታል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሁለት ጉርሻ ይቀምስና «ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሳል። ቡና በደረሰበት አንድ ቅዳሜ ግን ጀንፈሉ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። እሳቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «ና ልጄ፣ ሸራውን በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ ሳይቀድመን!» ብለው ጮሁ። ልጁ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወጣ። ከቤቱ ልጆች ጋር እየተሯሯጡ ሸፈኑት፤ ሁሉም በስብሰው፣ እየሳቁ ምድጃው ዳር ተሰበሰቡ። ያን ዕለት ማታ የተቀቀለ ጎደሬ ሲቀርብ እጁን ዘርግቶ በላ፣ ደግሞ «እማማ፣ አሁንም አለ?» አለ። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ዛሬም ዓይናቸው ይበራል።

ልጁን ልጅ ያደረገው ሥራው ነው። ሰው የቤት ሰው የሚሆነው ድርሻ ሲኖረው ነውና፣ የሩቅ ልጅ ስትቀበሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ድርሻ ስጡት። ውሃ ይቅዳ፣ ቡናውን ያገላብጥ፣ ታናናሾቹን ሒሳብ ያስጠና። እዚህ ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነገር አለኝ። በስንቱ ከተማ «ላስተምርልህ» ተብሎ ከገጠር የመጣ ልጅ ደብተሩ ተረስቶ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ቀርቷል። ይህ በደል ነው፣ ስሙን አሳምረን ልንጠራው አይገባም። መለኪያው ቀላል ነው፤ የወለዳችሁት ልጅ የማይሠራውን እሱ አይሥራ፣ የወለዳችሁት ልጅ የሚያጠናበት ሰዓት የእሱም የጥናት ሰዓት ይሁን። ለቀማ ሲበረታ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ካለ እናንተ ቤት ያለው አይሁን።

ስለ ምግብና ስለ እምነት በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተነጋገሩ። የቤንችና የሸካ ምድር የፕሮቴስታንቱ፣ የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙ ቤት ጎን ለጎን የቆመበት ነው። እንግዳው ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ከሆነ የጾም ድስት ለብቻ ይቀመጥለት፤ ሥጋው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የማይበላም ከሆነ እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት። ጨሞውን ደግሞ ለማስቀመስ አትቸኩሉ፤ የቡና ቅጠል ተቀቅሎ በቅመም ሲጠጣ አይቶ የማያውቅ ልጅ መጀመሪያ ይገረማል፣ በኋላ ራሱ ይጠይቃል።

ከደጋ ለመጣ ልጅ ትልቁ አደጋ ወባ ነው። የጎንደር ወይም የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገው ሰውነት ቴፒ ቆላ ላይ የወባ ልምድ የለውም። ስለዚህ ከብርድ ልብሱ በፊት አጎበሩ ይዘጋጅ፣ ማታ ማታ መዘርጋቱን እዩ። ትኩሳት ከጀመረው «የጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ይመርመር። አጠገቡ እናንተ ስላላችሁ ብቻ አንድ ልጅ ከከባድ ሕመም ሊተርፍ ይችላል።

የምትቀበሉት ሴት ልጅ ከሆነች ጥንቃቄው ይጨምር። የምታድርበት ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ከቤቱ ሴቶች አጠገብ ይሁን። ወላጆቿ ቤታችሁን መጥተው ይዩ፤ መምጣት ካልቻሉ ትምህርት ቤቱ ይይ። አሜሪካ ውስጥ የልውውጥ ተማሪ የሚቀበል ቤት አስቀድሞ በአካል ይጎበኛል፣ ለአካለ መጠን የደረሰ የቤቱ ሰው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ይጣራል። ይህ ቤተሰቡን መጠርጠር ተደርጎ አይታይም። እናንተም «እዩኝ፣ መርምሩኝ» ስትሉ የወላጆቿ እምነት ይጠነክራል።

ታዲያ ቤታችሁ ምን ያተርፋል? ከካርታ ላይ ብቻ የሚታወቅ አገር ምድጃችሁ ዳር ተቀምጦ ያወራል። ልጃችሁ ስለ ጥምቀት በጎንደር፣ ስለ ጀጎል በሮች ከአፉ ትሰማለች፤ እሱም ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ሰላምታ ይለምዳል። የከተማው ልጅ የገጠሩ ልጅ በኩራዝ አጥንቶ እንዴት እንደሚያልፍ ሲያይ፣ ስልኩን አስቀምጦ ደብተሩን ሲያነሳ አይቻለሁ። የእናንተም ጠባይ ይታረማል። በእንግዳ ፊት ባልና ሚስት ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ማዕድ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ከዚያም ልማድ ሆኖ ይቀራል። ነገ ልጃችሁ ባሕር ዳር ወይም ጅግጅጋ ስትመደብ ደግሞ፣ ዛሬ ያሳደራችሁት ልጅ እናት ስልክ አንስታ «እዚያ ዘመድ አለኝ፣ እኔ አገናኛታለሁ» ልትል ትችላለች።

ዓመት ሙሉ ማስቀመጥ ከከበዳችሁ በእሑድ ቡና ጀምሩ። በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ዘንድ ሂዱና «ከገጠር መጥቶ ብቻውን የተከራየ ጎበዝ ተማሪ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮን አነጋግሩ። ልጁ ቤታችሁ በገባበት ምሽት ራት ከመቅረቡ በፊት ስልካችሁን ስጡትና እናቱ ጋ ይደውል፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብላችሁ ስማችሁንና ሠፈራችሁን እናንተ ራሳችሁ ንገሯት።