የፀሐይን ነጠብጣብ ከሃያ ሁለት ሆኖ መከታተል

የፀሐይን ነጠብጣብ ለመከታተል የግድ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል የሚለው እምነት ብዙ ወጣቶችን ከጅምሩ ያስቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት አካባቢ በፎቅ ተከቦ የሚኖርና ክረምቱን በደመና የሚያሳልፍ ሰው እንኳ ላፕቶፕና ጥቂት ኢንተርኔት ይበቃዋል። ኤስዲኦ የተባለው የናሳ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከደመና በላይ ሆኖ ፀሐይን ያነሳል፤ ምስሎቹም በነፃ ይወርዳሉ። በባዶ ዓይን ወደ ፀሐይ ማየት ስለማይኖርም ለታዳጊዎች አያሰጋም።

በሳተላይቱ ላይ ያለው ኤችኤምአይ የተባለ መሣሪያ በሚታይ ብርሃን ያነሳውን 1,024 በ1,024 ፒክስል ምስል በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ያውርዱ። በፓይተን ወደ ቁጥር ለውጠው የፀሐይን ክብ መሐልና ራዲየስ ያግኙ፤ ከክቡ ውጪ ያለውን ጥቁር ሰማይና የሰዓት ጽሑፍ ይተዉት። ጀማሪን የሚያስቸግረው ቀጣዩ ነው። «ከዚህ በታች የጨለመ ሁሉ ነጠብጣብ ነው» የሚል አንድ ወሰን ብቻ ከተቀመጠ ፕሮግራሙ የፀሐይን ጠርዝ በሙሉ ነጠብጣብ ያደርገዋል፤ ከጠርዙ የሚደርሰን ብርሃን ከላይኛውና ቀዝቀዝ ካለው ሽፋን ስለሚነሳ ደብዛዛ ነውና። ስለዚህ ክቡን በቀጫጭን ቀለበቶች ከፍለው እያንዳንዱን ፒክስል ለቀለበቱ ሚዲያን ያካፍሉ። ትልቅ ነጠብጣብ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ሚዲያኑን ግን እምብዛም አይነካውም። ከዚያ ከ0.85 በታች የሆኑትን መርጠው ተያያዦቹን ሳይፓይ በተባለው የፓይተን ጥቅል ይሰብስቡ። በዚህ ምስል ላይ ምድር ራሷ ብትታይ ዘጠኝ ፒክስል ገደማ ብቻ ነበር ስፋቷ።

በማግስቱ ያንኑ ነጠብጣብ ለመለየት ከመሐል ያለውን የቁመት ርቀት ለራዲየሱ አካፍለው አርክሳይኑን ይውሰዱ፤ ይህ ኬክሮሱ ነው። የጎኑን ርቀት ለራዲየሱና ለኬክሮሱ ኮሳይን ብዜት ሲያካፍሉት፣ አርክሳይኑ ኬንትሮሱን ይሰጣል። የፀሐይ ዘንግ እስከ 7 ዲግሪ ስለሚያዘነብል ውጤቱ ግምት ነው። ኬንትሮሱ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ከሄደና ኬክሮሱ ብዙም ካልተነቃነቀ፣ ያው ነጠብጣብ ነው።

0.85 የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም ወይ ለሚል መልሱ፣ አዎ ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው ክትትሉ ከተጀመረ በኋላ ሲቀየር ነው። በ0.80 እና በ0.90ም ያስኪዱት፤ የነጠብጣቦቹ ስፋት ውጣ ውረድ ከተመሳሰለ ውጤቱን ይመኑት። የአሜሪካው መንግሥታዊ ተቋም ኖአ ነጠብጣቦቹን ቁጥር ሰጥቶ ያወጣ የለም ወይ? ያወጣል፤ ለማመሳከሪያም ይጠቅማል። የራስዎ ስሌት ግን በአንድ ደንብ የተለካ ስፋት ይሰጥዎታል፤ የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍም ይህ ስፋት ለእኛ ትርጉም አለው። ነጠብጣብ ሲበዛ በሰማያችን የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ይጠነክራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የመግነጢስ ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይህንን ሲመዘግብ ኖሯል። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ የ27 ቀን አማካይ ይጠቀሙ፤ ከምድር ሲታይ ፀሐይ አንድ ዙር የምትጨርሰው በዚያ ገደማ ነውና።