የንጋት ሰዓት፣ የተለቀቀ ውሻና የልጆች መንገድ፦ በአዲስ አበባ የጋራ ቦታዎች ላይ ስለ ባለቤት ኃላፊነት

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለሌሊት ጥበቃ ነው። ቀን በግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ወይም በሩ ተዘግቶበት ይውላል፤ ማታ ይለቀቃል። በአንዳንዱ ቤት የሚለቀቀው ግቢው ውስጥ ብቻ ነው። በሌላው ግን የግቢው በር ገርበብ ተደርጎ ይተዋል፣ ወይም ከበሩ ሥር ውሻ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ሌሊቱን ውሾቹ መንገዱን ይይዙታል፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻሉ፣ እንግዳ ሰው ያባርራሉ፣ በሥጋ ቤት ደጃፍና በቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ሲነጋ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ችግሩ ያለው «ሲነጋ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ውሻው የሚመለስበት ሰዓት አልተቆረጠም፤ ተማሪው ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ግን ቁርጥ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ መንገዱ፣ የኮንዶሚኒየም ግቢው፣ የሰፈር ኳስ ሜዳውና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያው የሌሊቱ ውሾችም የቀኑ ልጆችም ይዞታ ይሆናል። ስለ ጋራ ቦታ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ስፋት፣ ስለ አጥርና ስለ መቀመጫ ነው። ይሁንና የጋራ ቦታ በካሬ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓትም ይከፈላል። በውሻና በልጅ መካከል ያለው ክፍፍል በልማድ ላይ ብቻ የቆመ ስለሆነ፣ ልማዱ ሲዛነፍ ጉዳቱን የሚሸከመው ከሁሉ ያነሰው እግረኛ ይሆናል።

«ባለቤት አልባ» የሚለው ስያሜ

በመንገድ ላይ የሚታይን ውሻ ሁሉ «ባለቤት አልባ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ስያሜው ለአስተዳደርም ለጎረቤትም ምቹ ነው፤ ማንንም አይጠይቅም። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ግን በነፃነት ከሚዘዋወሩት ውሾች አብዛኞቹ የሚመገቡበትና የሚያድሩበት ቤት እንዳላቸው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ ቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ ውሻ የሚጮኽለት ቤት ካለ የሚያበላው ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለምርምርም ሆነ ለሕግ የሚጠቅመው መለያ «ባለቤት ያለው» እና «የሌለው» የሚለው አይደለም። «በሰው ቁጥጥር ሥር ያለ» እና «የተለቀቀ» የሚለው ይሻላል። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ያው አንድ ውሻ ነው፤ ማታ የተለቀቀ፣ ቀን የታሰረ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት መታሰሩ ራሱ ለቁጣው አንዱ ምክንያት መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የልጅ ቁመትና የልጅ ዝምታ

አዋቂ ሰው በውሻ ሲነከስ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ በእግሩ ወይም በእጁ ላይ ይሆናል። የትንሽ ልጅ ፊት ግን ከውሻው አፍ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ በራስ፣ በፊትና በአንገት ላይ የሚደርስ ንክሻ በልጆች ላይ ይበዛል። ልጅ ውሻ ሲያይ የሚያደርገውም የሚያባብስ ነው፦ ይጮኻል፣ ይሮጣል፣ ወይም ድንጋይ ያነሳል። የሚሮጥ ነገር ማሳደድ ለውሻ ተፈጥሮው ነው። የምትበላ ወይም ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ ደግሞ ሳትቀደም የመቅደም ዝንባሌ አላት፤ ይህን የሚያነብ የሰባት ዓመት ልጅ እምብዛም አይገኝም።

ከቁስሉ በላይ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። በሰው ላይ ከሚታየው በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ክትባቱን በጊዜ መጀመር ሕይወትን ያድናል። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ስለሚጓዝ በፊትና በአንገት ላይ የደረሰ ንክሻ ጊዜውን ያሳጥረዋል። እዚህ ላይ የልጅ ቁመት ራሱ የአደጋ መለኪያ ይሆናል።

ልጁ ዝም ማለቱ ሌላው ጉዳይ ነው። «ማን ውሻውን ንካ አለህ?» የሚለውን ቁጣ ፈርቶ ትንሽ ጭረትን የሚደብቅ ልጅ ብዙ ነው። የቀድሞው፣ ለብዙ ቀናት በሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ትዝታም በወላጆች ዘንድ ገና አልጠፋም። አንዳንዱ ቤተሰብ አስቀድሞ ወደ ፀበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል፤ እምነቱን የሚነቅፍ ምክንያት የለም፣ የሚያልፈው ቀን ግን አይመለስም።

የበሽታው የሕክምና ታሪክ የሚጀምረውም በተማሪ መንገድ ላይ መሆኑ ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1885 በፈረንሳይና በጀርመን ድንበር አካባቢ በምትገኘው በአልዛስ፣ ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ውሻ ጥሎ ነከሰው። ከሁለት ቀን በኋላ በፓሪስ ሉዊ ፓስተር ዘንድ ቀርቦ ክትባቱ ተጀመረለት፤ ዳነም። ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ውሻው ባለቤት የነበረው መሆኑ ነው፤ ባለቤቱ የአካባቢው ባለሱቅ ሲሆን እሱም በገዛ ውሻው ተነክሶ ከልጁና ከእናቱ ጋር ወደ ፓሪስ ተጉዟል። የፓስተር ስም በአዲስ አበባ ዛሬም የሰፈር መጠሪያ ነው፤ በዚያው አካባቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ቀድሞ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

የባለሱቁ አብሮ መጓዝ ትንሽ ነገር አይደለም። ባለቤቱ የታወቀ፣ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ በኋላ ለ10 ቀናት ተይዞ ሊታይ ይችላል፤ በእነዚህ ቀናት በጤና ከቆየ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ይባላል፣ የተጀመረው ክትባትም ሊቋረጥ ይችላል። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ የነከሰው ልጅ ግን ክትባቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ አለበት። የባለቤቱ ዝምታ በቀጥታ ወደ ልጁ ክንድና ወደ ቤተሰቡ ኪስ ይተላለፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ ጠንካራ ድንጋጌ አለው። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ። ጥፋት መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። አንቀጽ 2072 ደግሞ እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘ ሰውም በእጁ በነበረበት ጊዜ ለደረሰው ጉዳት እንዲጠየቅ ያደርጋል። ደጃፉን እንዲጠብቁለት ለሰፈሩ ውሾች በየማታው አጥንት የሚጥል ባለ ሥጋ ቤት «የያዘ» ይባላል? ቃሉ አከራካሪ ነው። ሆኖም ጥቅሙ ቋሚና የታወቀ ከሆነ፣ ባለቤትነት የለኝም ማለት ብቻውን በቂ መልስ ሊሆን አይገባም።

ይህን ጥንካሬ የሚሸረሽረው አንቀጽ 2073 ነው። የቤት እንስሳ ባለቤት የእንስሳውን ባለቤትነት ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊወጣ ይችላል። ድንጋጌው የገበሬ አገር ሕግ መሆኑ ያስታውቃል፤ በሬው የጎረቤትን ማሳ ካወደመ በሬው ራሱ ካሳ ይሆናል። ወደ ውሻ ሲመጣ ግን ውጤቱ ለቀልድ የቀረበ ነው፦ ልጇ ፊቱን የተነከሰባት እናት ለሕክምናው ወጪ ምትክ የነከሰውን ውሻ ትረከባለች። ሕግ አውጪው ይህን አልዘነጋም፤ ጉዳቱ በባለቤቱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ይህ መውጫ ይዘጋል። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። ማታ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ጥፋት ነው?

ጥፋት የሚለካው በአመዛዛኝ ሰው ጠባይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ማታ ውሻውን የሚለቅ ከሆነ ግን ባለቤቱ «እንደ ሰው አደረግሁ» ይላል፤ ልማዱ ራሱ መከላከያው ይሆናል። እዚህ ላይ አንቀጽ 2035 መፍትሔ ይሰጣል፦ በሕግ ወይም በአስተዳደር ደንብ በግልጽ የተደነገገን ነገር የጣሰ ሰው ጥፋተኛ ነው፣ ሕጉን አላውቅም ማለትም አያድነውም። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኋላ ማንኛውም ውሻ ከግቢ ውጪ ያለ ያዥ አይገኝ» የሚል አንድ ግልጽ የከተማ ደንብ ቅጣቱ አነስተኛ ቢሆንም ሁለት ሥራ ይሠራል። ደንቡን የጣሰውን ይቀጣል፤ ከዚያ በላይ ግን ጉዳት በደረሰ ጊዜ በሩን መተውን ጥፋት በማድረግ «ውሻውን ውሰጂው» የሚለውን መልስ ይዘጋል። ስለ ሰዓት ዝም የሚል ደንብ ይህን ሁለተኛ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

አንድ አሳሳቢ ነገር ይቀራል። በአንቀጽ 2086 መሠረት ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ የባለቤቱ ኃላፊነት ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ በአንቀጽ 2030 ደግሞ ጥፋት የሚመዘነው ዕድሜን ሳይመለከት ነው። ድንጋይ የወረወረ የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ንባብ እንደ አዋቂ ሊታይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች የልጁን ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲያስቡ ያዛል፤ ስለዚህ ዳኛው ልጁ ድንጋይ ያነሳው ከመነከሱ በፊት በጨዋታ ይሁን ወይስ ከበውት ሳለ በፍርሃት መለየት ይኖርበታል። በተለቀቀ የውሾች መንጋ ፊት የቆመ ልጅ ያነሳው ድንጋይ ጥፋት ሳይሆን ያለው ብቸኛ አጥር ነው።

ሰዓትን መክፈል

ሰዓትን በደንብ መክፈል እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጸደቀው ደንብ በተወሰኑ መናፈሻዎች ውሾች ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ መዝጊያ፣ እንዲሁም ከመክፈቻ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለ ገመድ እንዲሄዱ ፈቅዷል፤ በቀረው ጊዜ ገመድ ግዴታ ነው። ሐሳቡ ከአዲስ አበባው ልማድ ጋር ይመሳሰላል፣ ሌሊትና ንጋት ለውሻ፣ ቀን ለሰው። ልዩነቱ እዚያ ባለቤቱ አብሮ መኖሩ፣ ፈቃዱም ለመናፈሻ እንጂ ተማሪ ለሚያልፍበት የእግረኛ መንገድ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ 3 ሰዓት ገደብ ሳይመረመር ቢቀዳ በአዲስ አበባ ልጆቹን ሁሉ በተከለከለው ሰዓት ውስጥ ያስገባቸው ነበር።

ከተሞች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ሌላው መንገድ መርዝ ነው። በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ላይ መጣሉ ራሱ አደጋ መሆኑ ሳይነሳ እንኳ፣ መግደል በሽታውን እንደማያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት አቋሙን ገልጿል፤ ምግቡ እስካለ ድረስ ባዶውን ቦታ ሌሎች ውሾች ይሞሉታል፣ ከሞቱት መካከልም የተከተቡ ይኖራሉ። አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ከሁለት ላነሱ ውሾች ስለሆነ፣ ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ስርጭቱን ለመግታት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ለመከተብ ደግሞ ውሻውን ይዞ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ዞሮ ወደ ባለቤቱ ይመልሳል።

ባለቤትን ለማወቅ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም የግድ አይደለም። ዕድር የአባላቱን ቤት በስም ያውቃል፣ የሚያስከብረው ደንብና የሚያስከፍለው ቅጣት አለው፣ ለቀብር ሲጠራ ሰው ይመጣለታል። በአባላቱ መዝገብ ላይ የውሻው መልክ፣ የክትባቱ ቀንና የሚለቀቅበት በር በአንድ መስመር ቢታከል፣ ልጅ በተነከሰ ጠዋት «የማን ውሻ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሰዓት በፊት መልስ ያገኛል፤ የ10 ቀኑም ቆጠራ ከዚያው ቀን ይጀምራል።