ብርሌውን አስቀምጪ፣ እሱም ያስቀምጥ

በገና ሰሞን ላሊበላን የተሳለመ ሰው የቤተ ማርያምን ኩሬ ያውቀዋል። ልጅ የራባቸው ሴቶች በገመድ ታስረው ወደዚያ አረንጓዴ ውኃ ሲወርዱ ዘመድ አዝማድ ከላይ ገመዱን ይዞ እልል ይላል። ከከተማዋ በላይ ደግሞ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በእግር ወይም በበቅሎ የሚደረስባት አሸተን ማርያም አለች። ለስለቷ ብላ ያን ዳገት የወጣች ሴት ምን ይሳናታል? እህቴ፣ ልጅ ከፈለግሽ ዛሬ የምለምንሽ ከዚያ ዳገት የቀለለ ነው፦ መጠጡን ተዪው።

ከባድ የሚያደርገው ልማዱ ነው። ላሊበላ ያለችበት የላስታ ማር ስመ ጥር ነው፣ ጠጁም እንዲሁ። ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ተዝካሩም ያለ ጠላ አይደምቅም። ጠማቂዋ ሲጠነሰስም ሲጠለልም ትቀምሳለች፣ ለእንግዳ ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀድማለች፣ ከዚያ ደግሞ «በሞቴ!» ይሏታል። ማታ ስንት ጠጣሽ ብትባል አታውቀውም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ጥናት ለማርገዝ የሚሞክሩ ከ6000 በላይ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በሳምንት 14 መለኪያና ከዚያ በላይ የሚጠጡት የማርገዝ ዕድላቸው በ18 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ከዚያ በታች ለሚጠጡት ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «አንድ ብርሌ ጠጥተሽ ነው የመከንሽው» የሚልሽን አትስሚው። ብዙ ሲጠጣ ግን አልኮል እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያዙትን ሆርሞኖች ያዛባል፣ የወር አበባም ይዛነፋል። የሴት ገላ ከወንድ ያነሰ ውኃ ስለሚይዝ ያው አንድ ዋንጫ አንቺ ላይ ይበረታል። የዴንማርኩ መለኪያ ልኩ የታወቀ ነው፤ የእኛ ጠላ ኃይሉ ከቤት ቤት ይለያያል፣ አረቄማ አይነሣ።

«ታዲያ ስጸንስ አቆማለሁ» እንዳትይኝ። የጽንሱ ህብለ ሰረሰርና አንጎል የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅትም በእርግዝና ጊዜ ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም የሚባል መጠን የለም ይላል። ልጅ የፈለግሽ ቀን ዋንጫውን አስቀምጪ። በየቀኑ አብዝተሽ የምትጠጪ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ መቁረጥ ራሱ አደጋ አለው፤ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

ባልሽስ? በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ብቻ ነው፣ ይህ ደግሞ ግፍ ነው። ከችግሩ ግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱም ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፣ ብዙ መጠጥም ያዳክመዋል። እሱ ጠጅ ቤት እያመሸ አንቺ ብቻሽን ብትታቀቢ ሥራው ግማሽ ነው።

ይሉኝታው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ይኸው ሕዝብ «ጸበል ላይ ነኝ» ያለውን ሰው በመጠጥ አያስገድድም፤ ያንን ክብር ልጅ ለምትፈልግ ሴትም እንስጣት። ማሩ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ዕለቱን የተበጠበጠ ብርዝ ጠጪ፣ ካደረ ግን ወደ ጠጅነቱ ነውና ይቅርብሽ።

አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ዕድሜሽ ከ35 ካለፈ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ሳትጠብቂ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ስትሄዱም ሁለታችሁ ሂዱ፣ ምርመራውም ለሁለታችሁ ይሁን።